አንድ የሻይ ማንኪያ ኖርማን

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ጊልያን ዛሬም ደወለች። ልጄ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ በዚህ አባቷን ቁርጥ ናት። የሰው አመድ ከብርጭቆ ጋር አቅልጣ የቀለበት ፈርጥ የምትሠራ ሴት ኮርንዎል ውስጥ አግኝታለች። ሮዌና ትባላለች። የሚበቃት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው አሉ።

«ታዲያ በምን ይደርሳታል?» አልኳት።

«በፖስታ ነዋ፣ እማዬ።»

«አባትሽን በፖስታ?»

«አባዬን በሙሉ አላልኩሽም። ትንሽ ቆንጠር አድርገሽ።»

ኖርማን በሕይወት ሳለ ከዱራም ወጥቶ ማደር ሞቱ ነበር። ለጫጉላችን ዊትቢ ድረስ ጎትቼው፣ ሁለት ሌሊት እንኳን በቅጡ ሳናድር «የሽንኩርቶቼ ነገር አላማረኝም» ብሎ መልሶኛል። ያንን ሰው ብቻህን ሂድ ብዬ አገር አቋርጦ ኮርንዎል ልሰደው ነው።

አመዱን ጨምረው ከሬሳ ማቃጠያው ቤት የሰጡኝ አረንጓዴ የፕላስቲክ ጣሳ ከኤፕሪል ጀምሮ ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያስቀመጥኩት ለጊዜው ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 7

ሮዌና የአላላክ መመሪያ አላት፤ ጊልያን አትማ ላከችልኝ። አመዱ አፉ የሚታሸግ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ከረጢቱ ሌላ ከረጢት ውስጥ፣ ስሙ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል። ከዚያ ጠንካራ ሣጥን፣ ዙሪያውን ጥጥ። ከውጭ ምን እንደሆነ አይጻፍም። በማግስቱ አስፈርሞ በሚያስረክበው መላኪያ ይላክ ይላል። ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ እንዳያሳልፍ ዓርብ አትላኩ ይላል። ይህችን ስትል ሴትዮዋን ወደድኳት።

ያስቸገረኝ ማንኪያው ነው። በእንግዳ ማንኪያ እንዳልቀዳው፣ ቄሱ ሲመጡ ሻያቸውን የሚያማስሉት በእሱ ነው። በመጨረሻ የራሱን፣ አንገቱ የጎበጠውን አነሳሁ። ቀዳሁት። ከዚያስ? ማንኪያውን ባጥበው ባሌ በቧንቧ ሊወርድ ነው፤ ባላጥበው መሳቢያ ውስጥ አላስገባው። ስለዚህ ማንኪያውንም ጣሳው ውስጥ ከተትኩትና ከደንኩ። እጄ አመድ አፋሽ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ከረጢቱ ላይ «ኖርማን» ብዬ ጻፍኩ። ከመሰለኝ በላይ አምሮ ተጻፈ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ቴምብር ገዝቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ዛሬም ሄድኩ። የልደት ካርድ ገዛሁ። ልደቱ የደረሰ የማውቀው ሰው የለም።

ዓርብ፣ ጁላይ 12

ዓርብ አይላክም። እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው። ቀኑ እንዴት ደስ የሚል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

ዝናብ። ሣጥኑ ይርሳል። ጊልያን «በዝናብ ካልወጣሽ እስከ መቼም አትወጪም» አለችኝ። ሊድስ ከገባች ወዲህ ምላሷ ረዝሟል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ጉድ ሠራሁ። እስቲ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሣጥኑን አቅፌ ሰልፉን ያዝኩ። ተራዬ ደረሰ። ቤሪል ከመስኮቷ ኋላ ሆና፣ ያንን ከመንደር ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ምን አለበት ውስጡ፣ ሆዴ?»

ዞር ብል ሰልፉ በሩን አልፏል። ልክ ከጀርባዬ የቆመው ክሊፍ ሮብሰን ነው። ከኖርማን ጋር ከሰል ጉድጓድ አብረው ወርደዋል፤ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በየሴፕቴምበሩ በመንደሩ ክበብ የባሮ ሽንኩርት ውድድር ላይ ይፋጠጡ ነበር። ኖርማን አንደኛ፣ ክሊፍ ሁለተኛ። ሁልጊዜ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ሰልፍ ላይ «ባሌ ነው» ይባላል እንዴ? አንዱ ይቅርታ ይለኛል፣ እኔም ስላስደነገጥኩት ይቅርታ እለዋለሁ፣ ሌላው ይቀጥላል፣ እስከ ምሳ ይቅርታ ስንለዋወጥ ልንውል ነው።

«ዱቄት ነው» አልኩ።

«የምን ዱቄት?»

«የአትክልት። ማዳበሪያ። ኖርማን የተወው።»

«የፋብሪካ ነው?»

«አይ፣ እቤት የተሠራ።»

ሰልፉ ጭጭ አለ። ለኖርማን ክብር ብለው መስሎኝ እንባዬ መጣ።

ቤሪል የኮርንዎሉን አድራሻ ጮክ ብላ አንብባ፣ ወረቀቶቿን አገላብጣ «ማዳበሪያማ አልቀበልም፣ የእናቴም ቢሆን» ብላ ሣጥኑን መለሰችልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ዞሬ «ዋሽቼ ነው፣ ባሌ ነው» ልበል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ክሊፍ ደጅ ድረስ ተከተለኝ።

«ስጪኝ እስቲ። ሰኞ ከተማ እወርዳለሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም፣ የኬክ ዱቄት ነው ብዬ እልክልሻለሁ።»

«ኧረ አላስቸግርህም።»

«ምን ችግር አለው? ኖርማን ጓደኛዬ አልነበር?»

ጓደኛው አልነበረም። ለአንድ ዘመን ያህል «ዝናብ ሊመጣ ነው» ከመባባል ያለፈ ነገር አላወሩም። እምቢ ልል አፌን ስከፍት «እግዜር ይስጥህ» የሚል ወጣ። ሰጠሁት። ኖርማን በሕይወቱ የክሊፍን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ እስከ ሰኞ እዚያ ያድራል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ክሊፍ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ጠየቀኝ፤ «ኖርማን ያቺን ዱቄት በውኃ በጥብጦ ነበር የሚሰጣቸው ወይስ በደረቁ?»

«እኔ እንጃ፣ መቼ አስጠግቶኝ» አልኩት። ይህኛው እንኳ እውነት ነው። ሽንኩርተኛ ሚስቱን ቤት ይሰጣታል፣ ደሞዙን ይሰጣታል፣ ሽንኩርቱን ምን እንደሚያበላ ግን አይነግራትም።

ምስኪን ክሊፍ፣ ወሬ ጠፍቶት ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 21

ሱቅ ውስጥ ከብስኩቱ መደርደሪያ ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲያሙ ሰማሁ።

«ኮርንዎል ድረስ! ሽንኩርት ምን እንደሆነ የማያውቅ አገር!»

«ሰውዬው አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ።»

«ምን አፈር አለው፣ ተቃጥሎ የለ?»

«ቢቃጠልስ። ነውር ነው።»

የማን ስም እንደሆነ የሚያነሱት አልሰማሁም። ማን ትሆን ምስኪኗ? ብስኩቱን ረስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ክሊፍ ደረሰኙን አመጣልኝ። ትናንት ሄዷል። ዓይኔን አያየኝም፤ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ አንድ ከረጢት ባቄላ አስጨበጠኝና ሄደ። ክሊፍ ለሰው ባቄላ ሲሰጥ በሕይወቴ አላየሁም። ጊልያን በኮምፒውተሯ አይታ «ፈርመው ተረክበዋል» አለችኝ። ከዚህ ወዲያ መተኛት እችላለሁ።

(አልተኛሁም። የፍሪጁ ድምፅ በዝቷል።)

ዓርብ፣ ጁላይ 26

ሮዌና ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ብዙ ሐዘንተኛ ያናገረች ሴት ድምፅ።

«ወይዘሮ ሄስሎፕ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይከፋዎት። ባለቤትዎ... ይሸታሉ።»

«ምን ምን?»

«ልክ ሥጋ ቤት ያለ ነገር። ውሻዬ ከሣጥኑ አልላቀቅ ብሎኝ ሌሊቱን በሩ ላይ ሲያላዝን ነው ያደረው። ብዙ ሰው በእጄ አልፏል፣ ውሻዬ ግን ማንንም እንዲህ ወዶ አያውቅም።»

«ቀለሙስ?»

«ወደ ቢጫ ያደላል።»

መቀመጫ ሳብኩ። ይህን ሽታ ከተጋባን ጀምሮ ከኖርማን ጃኬት ላይ ሳሸተው ኖሬያለሁ። የከብት አጥንት ዱቄት ነው፣ ማዳበሪያ። በዚህ መንደር የአጥንት ዱቄት የሌለው ሽንኩርተኛ የለም።

ኮርንዎል። ነውር ነው። በደረቁ ወይስ በውኃ። ባቄላ። ሁሉም አንድ ላይ መጣልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ምስኪኗ ሴት እኔው ነኝ! መንደሩ ሁሉ የባሌን የሽንኩርት ምሥጢር ለደቡብ ሰው የሸጥኩ መስሎታል። ክሊፍ ሮብሰን ደግሞ ምሥጢሩን ላድን ብሎ ከረጢቱን ከፍቶ፣ በራሱ የአጥንት ዱቄት ተክቶ፣ ባሌን ለሽንኩርቱ አበልቶታል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ልጮህበት ሄድኩ። በመንገዴ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሴት የምትለው አይደለም። ከአጥሩ ኋላ ሆኜ ሳየው ከሽንኩርቶቹ መደብ ጎን ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይደቁሳል፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል። ለእነሱ እያወራላቸው ነበር።

ተመለስኩ። ምን ልበለው? እሱ ሌባ ነው፣ እኔ ውሸታም። ማን ማንን ይከሳል?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ለጊልያን ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ጮኸች፤ ከዚያ ስልኩን ከአፏ አርቃ ስትስቅ ሰማኋት። ከሳቀች በኋላ «ሌላ ማንኪያ እንላክ» አለች።

አይሆንም። አንዴ ላኩት፣ የሰው ጓሮ ገባ። ፍሪጁ አናት ላይ ሰላም ነው። እዚህ ማን ይነካዋል?

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ልጻፍ፣ ለማንም አልነገርኩትም። እነዚያን ሽንኩርቶች እጠላቸው ነበር። ሌላው ሰው ሚስቱን ይዞ ስፔን ሲሄድ የኔው በየበጋው እነሱን ይዞ ይተኛ ነበር፤ ሌባ እንዳይነካበት አልጋ ይዞ እመደቡ ዳር የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ቀለበቱን እንኳን አፈር ይይዘዋል ብሎ አውልቆ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። እኔ የፈለግኩት አንድ ማንኪያ ነበር፤ ለእኔ ብቻ፣ በጣቴ ላይ። እሷኑ ወሰዱብኝ። ተናድጃለሁ። ዛሬ ስድስት ብስኩት በላሁ።

ሰኞ፣ ኦገስት 19

ወደ ሱቅ በክሊፍ ጓሮ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ያ መንገድ ይረዝማል፣ ግን ለእግሬ ጥሩ ነው። ሽንኩርቶቹ ወፍረዋል፤ በተለይ በመደቡ ጫፍ ያሉት ሁለቱ። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ «እንደምን ዋልክ» አልኩ። ለየትኛው እንዳልኩ አላውቅም።

አርጅቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ረጅም ቀን ነበር፤ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ልጽፈው።

የክበቡ አዳራሽ ሞልቷል። ሽንኩርቶቹ ታጥበው ነጥተው፣ ሥሮቻቸው ተበጥረው በጥቁር ጨርቅ ላይ ተጋድመዋል። ዳኛው በመለኪያው ውፍረታቸውን እየለካ አለፈ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል። ክሊፍ አንደኛ ወጣ። እነዚያ ሁለቱ ናቸው፣ ሳያቸው አወቅኋቸው።

ዋንጫውን ሲሰጡት ማይክሮፎኑን ያዘ። ከዚያ «ይህ የኔ አይደለም፤ የኖርማን ሄስሎፕ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ምን ያለ ትሕትና ነው ተባለ። እኔ መሀረቤን አፌ ላይ አድርጌ ተንቀጠቀጥኩ፤ ከጎኔ ያለችው ሴት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አጽናናችኝ።

ክሊፍ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያዎቹ ጋ ጠበቀኝ።

«ኦድሪ፣ ሰርቄሻለሁ» አለ። «ያቺን የኖርማንን ዱቄት። በሌላ ተክቼ ነው የላኩልሽ። ለኮርንዎል ሰዎች ከምትሄድ ብዬ ነው... አይ፣ ሌላ ሰበብ አላበዛም። አንዴ እንኳን አንደኛ ልውጣ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ውሻ።»

ይህችን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት፤ ትቷት አለፈ።

«እንግዲህ ካወቅሽ ላይቀር፣ ምን ነበር ያደረገባት? እዚሁ ንገሪኝና ልሙት። ቀምሼያታለሁ እኮ፣ ምንም ጣዕም የላትም።»

ነገርኩት።

ክሊፍ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ እጆቹን ገልብጦ አያቸው፤ ከዚያ ምላሱንም አውጥቶ ቢያየው ደስ ባለው ነበር።

«ሙሉውን?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«አንድ የሻይ ማንኪያ።»

«በደረቁ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ውኃ አጠጣሁበት።»

«ደግ አደረግክ፣ ሙቀት አይወድም።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ድንገት ቀና አለና «ኦድሪ፣» አለኝ፤ «ነገ ሾርባው ነው።»

እውነቱን ነው። ከውድድሩ ማግስት ያሸነፉትም የተሸነፉትም ሽንኩርቶች አንድ ትልቅ ድስት ይገቡና የመንደሩ አዛውንት ሁሉ ይጠጣቸዋል። አያቶቻችን ያቆሙት ልማድ ነው፣ ማንም ሰብሮት አያውቅም። ቄሱ ሁልጊዜ ሁለት ሳሕን ነው።

ቄሱ ሁለተኛውን ሳሕን ሲያነሱ ታዩኝና ሳቄ አመለጠኝ። ከኤፕሪል ወዲህ እንዲህ አልሳቅሁም፤ የቆሻሻውን በርሜል ይዤ ነው የሳቅሁት። ክሊፍ መጀመሪያ አበድኩ ብሎ ፈራ፣ ከዚያ እሱም ጀመረ። ሁለታችንም አቅቶን ቆመን ሳለ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደበት።

«ናፈቀኝ፣ ያ ክፉ ሰው» አለ። «አሁን ማንን ልቀድም ነው የማርሰው?»

ያሸነፈው በዱቄቱ አይደለም። ያሸነፈው የሚቀድመው ሰው ስለሌለ ነው። ይህን አልነገርኩትም፣ ያውቀዋል።

ተመልሶ ገባና ሁለቱን ሽንኩርቶች ከጠረጴዛው አንስቶ አቀፋቸው። «የት ትወስዳቸዋለህ? ሾርባ ይገባሉ!» ብለው ጮኹበት። «እነዚህ ሾርባ አይገቡም፣ ለዘር ናቸው» አለ። «ልማድ ነው!» አሉት። ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ ትቶላቸው ወጣ። ይህንን ሁሉ ዓመት ሲመኘው የነበረውን ዋንጫ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

ክሊፍ በጠዋት መጥቶ በኖርማን መደብ ላይ ያለውን አረም ሁሉ ነቀለና ሁለቱን ሽንኩርቶች ተከላቸው። በክረምት ደህና ከሰነበቱ በሚቀጥለው በጋ ያብባሉ ይላል። ሻይ አፈላሁለት። ዝናብ ሊመጣ ነው ተባባልን።

ሾርባውንም ሄጄ ጠጣሁ። ኖርማን የለበትም። ጨው አንሶታል።

ማታ ጣሳውን ከፍሪጁ አወረድኩ። ማንኪያው እዚያው ነበር።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ክሊፍ ሣጥኑን ልውሰድልሽ አላለም፣ እኔም አልሰጥም ነበር። ፖስታ ቤት ድረስ ግን አብሮኝ ሄደ።

«ምን አለበት፣ ሆዴ?» አለች ቤሪል። ሰልፉ በሩን አልፏል፣ መቼም አያልቅ።

«ባሌ ነው» አልኩ። «አንድ ማንኪያ። ቀለበት ላሠራው ነው። የዛን ጊዜውም እሱ ነበር፣ አፍሬ ዋሸሁ።»

ብስኩቱ ጋ ሲያሙኝ የነበሩት ሁለቱ ከሰልፉ መካከል ናቸው፤ አንደኛው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ቤሪል ብዕሯን አስቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ የሰማሁት ዛሬ ነው።

«ለኢንሹራንሱ ግምት መጻፍ አለብኝ። ስንት ልበል?»

ከኋላዬ ክሊፍ «ከፍ አድርጊው፣ አንደኛ የወጣ ሰው ነው» አላት።

ቤሪል የመጨረሻውን ከፍተኛ ጻፈችለት። ሣጥኑን ከሌሎቹ ጋር ከረጢት ውስጥ አልወረወረችውም፤ መኪናው እስኪመጣ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። በመስኮቱ አየሁት፣ ተቀምጧል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሳሙና በእጄ እንዳለ ሮጥኩ። ሁልጊዜ ስልክ ሲጮኽ እሮጣለሁ፤ ጊልያን «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ትለኛለች።

«ወይዘሮ ሄስሎፕ» አለች ሮዌና፤ «ባለቤትዎ በሰላም ደርሰዋል።»

በኤፕሪል ከሆስፒታሉ ቤት ገብቼ ልብስ ስቀይር የደወለችልኝ ነርስ «ባለቤትዎ ጥለውን ሄዱ» ነበር ያለችኝ። ሳልኖር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ደውሎልኛል፤ አዝነናል ያለኝ አለ፣ ጸልየናል ያለኝ አለ። ሄደ ያለኝ ሰው ነበር፤ ደረሰ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

«ይሰሙኛል? ደህና ነዎት?» አለች።

«እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።